ወደ ውጭ የዞረው ጠርዝ

እማማ የልጅ ልጃቸውን መኪና በየእሑዱ የሚያጥቡት ለንጽሕና ብለው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ ዕድሜያቸው ባልዲ ይዘው ሲጎነበሱ እያየ፣ ወገባቸውን እንዴት አያማቸውም እያለ ያደንቃቸዋል፤ እሳቸውም እጅ አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም ብለው ያልፉታል። እውነቱን የሚያውቁት ራሳቸው ብቻ ናቸው። የሚያጥቡት ለማንበብ ነው። ልጅቷ ሳምንቱን እንዴት ስትነዳ እንደሰነበተች፣ የት ቸኩላ የት እንደተረጋጋች፣ ስንት ጊዜ በነፍሷ እንደቀለደች ከመኪናው ላይ ይለቅሙታል።

ንባቡን የተማሩት በወጣትነታቸው ነው። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጠው፣ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ አዲስ ጥርስ በሚያለብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ እዚያው ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሩ። ሥራቸው መዳበስ ነበር። ያረጀው ጎማ እየተንከባለለ ፊታቸው ይቆማል፤ መዳፋቸውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያሳልፉበታል፤ ከዚያ "ይሄ ይልበስ፣ ይሄ ይጣል" ይላሉ። ቆየት ሲሉ ደግሞ የሹፌሩን ጠባይ መናገር ጀመሩ። "ይሄ ሰውዬ ፍሬን የሚረግጠው ቂም ይዞ ነው" ይላሉ። "የዚህኛው አክስሉ ጎብጧል፤ ሹፌሩ ግን ደህና ሰው ነው።" ሠራተኛው ይስቃል፤ ሲጣራ ግን ያሉት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ሲባልላቸው ኖረው ጡረታ ወጡ። አንድም ቀን ተሳስተሻል ያላቸው ሰው ስላልነበረ መሳሳትን አልለመዱትም።

የልጅ ልጃቸውን ሰፈሩ ሚጢጢ ይላታል። ስሙ የወጣላት በአራት ዓመቷ፣ እናቷ ሌላ ባል አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ የአያቷን ቀሚስ ጨብጣ የቀረች ጊዜ ነው። ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ የማድ ቤቱን በር ጎንበስ ብላ የምትገባ ዘለግ ያለች ሴት ሆና እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። እማማ ያሳደጓት በስጋት ነው። እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ የገላዋን ውሃ በክርናቸው ሳይለኩ አላስነኳትም። ካስነጠሰች ሌሊቱን ትንፋሿን ሲያዳምጡ ያድራሉ። የአምቡላንስ ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ ያለቻቸው ቀን ሦስት ቀን ምግብ አልበላ ብሏቸው ነበር፤ በአራተኛው ቀን ለአምቡላንስ ሰው ሁሉ መንገድ እንደሚለቅ አስበው በመጠኑ ተጽናኑ።

ከሰባት ወር በፊት ደግሞ ልጅቷ መኪና ይዛ መጣች። ሰው የነዳው ነው፣ ግን ደህና የተያዘ፤ ሁለት በር ያለው፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አፍንጫው መሬት ሊስም የደረሰ፣ ከኋላው ሰፋ ያለ የስፖርት መኪና። እማማ በሩ ላይ ቆመው ከፊት እስከ ኋላ አዩትና፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ሊዘል ያደባ ድመት ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

በመጀመሪያው እሑድ ባልዲያቸውን ይዘው ወጡ። ከፊት ጎማዎቹ ቸርኬ ላይ ቡናማ የመሰለ ትቢያ አገኙ፤ በጣታቸው ሲያሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ ኮሰኮሳቸው። ይህ ከፍሬን ሸራ የሚወጣ ነው፤ ያውቁታል፤ አላሳሰባቸውም። ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ፣ ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ሥር ያገኙት ግን ሌላ ነው። ጥቁር፣ የተጣበቀ፤ በሁለት ጣት ሲያሹት እንደ ቀጭን ትል እየተጠቀለለ የሚሽከረከር። የጎማ ፍርፋሪ ነው። የጭነት መኪና በስንት ወሩ የማያረግፈውን ይሄ በሳምንት አርግፎታል። አጠቡት። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና አለ። በሦስተኛው ጎንበስ ብለው አንገታቸውን ከመኪናው ሥር አሾልከው ጎማውን ራሱን አዩት፤ የውጭው ጠርዝ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ የውስጠኛው ጠርዝ እንደ ሕፃን ድድ ወደ ልሙጥነት እየሄደ ነው። ቀልባቸው ተገፈፈ።

ልጅቷ ያን ዕለት የጥርስ ብሩሽ በአፏ ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። እማማ የጠቆረ ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር ደቀኑባት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጎማ ነው እማማ። ጎማ ሲሄድ ይረግፋል።"

"ለእኔ ነው ጎማ የምታስተምሪኝ?"

ሚጢጢ አረፋዋን ተፍታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና በትዕግሥት አስረዳቻቸው። የዚህ ዓይነት መኪና ጎማ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ መንገዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ፤ ስለዚህ ቶሎ ይረግፋል። የኋላ ጎማዎቹም ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ እግሩን ከፍቶ ለትግል እንደቆመ ሰው ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ነው የሚገጠሙት፤ ስለዚህ እንቁላል እንደጫኑ ቀስ ብለው ቢነዱት እንኳ መጀመሪያ የሚበላው የውስጥ ጠርዙ ነው። ችግር የለውም፤ ሲያልቅ ይቀየራል፤ ገንዘብ ሲሞላላት ልታስቀይረው አስባለች።

እማማ የሰሙት የሹፌር ምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነት ምክንያት ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምተዋል። ከጓደኞችሽ ጋር እሽቅድድም ትሄጃለሽ አሏት ፊት ለፊት።

"እኔ?" አለች ልጅቷ። "ሰው እየሞተብኝ ስሮጥ ውዬ፣ በዕረፍቴም ልሩጥ?"

"ታዲያ ይሄን ምን ልትሆኝ ገዛሽው?"

"ቀስ ብዬ ስነዳው ድምፁ ደስ ይለኛል" አለች። "ሳይረን የሌለበት መሪ መያዝ ደስ ይለኛል። በቃ፣ ይኸው ነው።"

እማማ ከዚህ መልስ አንዲቱንም አላመኑ። ሰው ቀስ ብሎ ሊነዳው እንዲህ ያለ መኪና ይገዛል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቁልፏን አንስታ በወጣች ቁጥር መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ማየት ጀመሩ። ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣሉ፤ ሳይጮህ ሲቆይ ደግሞ ይብስባቸዋል።

ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የአንድ ጎሚስታ ሱቅ አለ። ሰውዬው የፋብሪካ ባልደረባቸው ነበር፤ ክሪኮ ይሉታል። በጉርምስናው የመኪና ማንሻ ክሪክ ጠፍቶ ሰው ሲጨነቅ የትንሽ መኪና ጥግ በእጁ ብድግ አድርጎ ይዞ ያስገረመ ጊዜ የወጣለት ስም ነው። አሁን ግን ስድሳውን አልፏል፤ ልቡ ታማሚ ነው፤ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ አስጠንቅቆታል፤ ትንሿ የጎማ መፍቻ ማሽኑ ናት የምትረዳው። ጎማ መዳበስን ያስተማሩት እማማ ናቸው። እስከ ዛሬ እትዬ እያለ ነው የሚጠራቸው።

አንድ ቀን፣ ሚጢጢ ለሃያ አራት ሰዓት ተረኛ ሆና መኪናዋን ግቢ ትታ ስትሄድ፣ እማማ ክሪኮን ጠሩት። ያሰቡት ነገር ለሁለቱም እንግዳ አልነበረም። የጭነት መኪና ጎማ በአንድ ወገን ሲያልቅ ከቸርኬው ይፈታል፣ ይገለበጣል፣ ደህናው ጠርዝ ወደተጎዳው ቦታ ሄዶ ተራውን ይሠራል። በፋብሪካው ዘመን ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። እማማ ልጅቷን ከመንዳት ሊያስቆሟት አይችሉም፤ ቢያንስ ጥርስ ባለው ጎማ ላይ ትሂድ አሉ። ለእሷ ይንገሯት? ብትሰማ ትቆጣለች። ዝም ብሎ ይሠራላት።

ክሪኮ መኪናውን በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማዎቹን ፈታ፣ በጋሪ ወደ ሱቁ ወሰዳቸው። ማሽኑ ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ ግን ጭንቅላቱን ሲያክ ቆመ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የእኛ ዓይነት ጎማ አይደለም" አላቸው።

"ጎማ ጎማ ነው። ክብ ነው፣ ጥቁር ነው። ምን ይሁንልህ?"

ክሪኮ ከጎማው ጎን ላይ ከፍ ብለው የተቀረጹ ትንንሽ የባዕድ ፊደሎች አሳያቸውና ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ ተገጣጥመው የሚሰጡትን ቃል ግን አያውቁትም። የፋብሪካው ስም ይሆናል አሉ። ክሪኮ ትንሽ አቅማማ። ከእኔ የበለጠ ጎማ አዋቂ ሆነህ ነው ወይ አሉት፤ ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ጀመረ።

እማማ ያን ዕለት አንድ ነገር አላደረጉም። መዳፋቸውን በጎማው ላይ አላሳለፉም። ጎማው ተፈትቶ ፊታቸው ተጋድሞ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሥራ ሳይሠሩ አለፉት፤ የሚያገኙትን አስቀድመው ያወቁ መስሏቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ልሙጡ ጠርዝ አሁን ወደ ውጭ ዞሯል፤ ግን መኪናው ዝቅ ያለ፣ ፓራፋንጎውም የሰፋ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ላላየ ሰው አይታይም። እማማ ጥቁሩን ትቢያ በሳሙና አጥበው ጨርሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኙ።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሚጢጢ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ መኪናዋ አንድ ነገር እንደሆነች ተናገረች። ኋላዋ ይንሳፈፍብኛል፣ የእኔ መኪና አልመስለኝ ብላለች አለች። ቅዳሜ መካኒክ ጋ ወስጄ አሳያታለሁ። እማማ ስኒያቸውን አንስተው አፋቸው ላይ ያዙት። የመናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ግን ሌላ ሐሳብ መጣባቸው፤ ከተጠራጠረች ቀስ ብላ ትነዳለች፤ ቅዳሜም ሩቅ አይደለም። ሻዩን ጠጡት።

ሐሙስ ዕለት ዘነበ። ሚጢጢ ተረኛነቷን ጨርሳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከአንድ መጋዘን አጥር አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ የመኪናው ኋላ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄደ። መኪናው ዞሮ ዞሮ የመጋዘኑን የዘበኛ ቤት መታው። የዘበኛው እግር ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። የእሷ ደግሞ የቀኝ እጅ አንጓዋና ሁለት የጎን አጥንቷ።

ሆስፒታል ሲደርሱ እማማ አንድ እግራቸው ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ ነበር። ልጅቷ በሕይወት አለች ሲባሉ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። እዚያ እያሉ ነው የትራፊክ መርማሪው የመጣው። ፋይል በብብቱ የያዘ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ልጅቷ በአነዳዷ እንዴት ናት ብሎ ጠየቃቸው እንጂ ሌላ አላለም። እማማ የሰባት ወር ጭንቀታቸውን እዚያው ዘረገፉት። ነግሬያት ነበር አሉ። በየሳምንቱ የሚረግፈውን ጥቁር ትቢያ፣ እሽቅድድም እንደምትሄድ፣ ጎማውን አይተው እንደሚያውቁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ እንዳነበቡ ሁሉን ነገሩት። ሰውዬው እያንዳንዱን ጻፈው። ከዚያ ሄዶ የተጎዳውን መኪና አየ፤ የኋላ ጎማዎቹ የውጭ ጠርዝ ልሙጥ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለ ጎማ ከዚህ በፊት አይቷል፤ መታጠፊያ ላይ በኃይል የሚጥሉ ተሽቀዳዳሚዎች ጎማ እንደዚሁ ነው የሚያልቀው። የአያቷ ቃልና ጎማው ተስማሙለት። ምክንያቱን ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ብሎ ጻፈ።

ሚጢጢ ከአልጋዋ ሆና በአርባ ነበር የነዳሁት ትላለች። ለመርማሪው ነገረችው፤ ለአምቡላንስ ጣቢያው ኃላፊ ነገረቻት፤ ለአያቷም ነገረቻቸው። እማማ ፀጉሯን እየዳበሱ፣ "ልጄ፣ ዋሽተሽኝ አታውቂም፤ አሁን አትጀምሪ" አሏት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

የጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሕጉን ግን አልደበቀችም፤ በፍጥነት ጥፋተኛ የተባለ ሹፌር ሁለተኛ አምቡላንስ አይዝም። ለመርማሪው የመጨረሻ ቃልሽን የምትሰጪው ሰኞ ስለሆነ አስቢበት ብላት ሄደች። እማማ ለልጅቷ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሚጢጢ አምቡላንሱ ውስጥ የተወለዱ ሦስት ሕፃናትን የልደት ቀን በቃሏ ታውቃለች። ከተማውን የምታውቀው በመንገድ ስም ሳይሆን ማንን ከየት አንስታ በስንት ደቂቃ እንዳደረሰች ነው። ሌላ ሥራ አትፈልግም፤ ሌላ ሥራ እንዳለም የምታስብ አትመስልም። ከኃላፊዋ ጉብኝት በኋላ ማውራት አቆመች። የቀረበላትን ትበላለች፤ አመሰግናለሁ ትላለች፤ በቃ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትራፊክ ፖሊስ ጣቢያው አብረው ሄዱ። የመርማሪው ቢሮ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተራ ሲጠብቁ፣ ሚጢጢ የሥራ ጃኬቷ መኪናው ውስጥ እንደቀረ ትዝ አላትና ታመጪልኛለሽ ወይ አለቻቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የለመነቻቸው ነገር ይህ ብቻ ነበርና እማማ ደስ እያላቸው ተነሡ።

የተያዙ መኪናዎች የሚቆሙት ከሕንፃው ጀርባ፣ ጠጠር በፈሰሰበት ግቢ ነው። ሰማያዊው መኪና ጎኑ ገብቶ፣ የኋላ መስተዋቱ ረግፎ ጥግ ላይ ቆሟል። እማማ ጃኬቱን ከወንበሩ ሥር ጎትተው አወጡ። ሊሄዱ ሲሉ የግራው የኋላ ጎማ ከተሰበረው ፓራፋንጎ ወጥቶ አዩት። እጃቸው ራሱን ችሎ ሄደ። መዳፋቸውን ልሙጡ ጠርዝ ላይ አሳለፉት፤ ወዲያ። ከዚያ ወዲህ።

በኃይል የተጠመዘዘ ጎማ ገጹ ይቀደዳል። ፍርፋሪ ይጋገርበታል፤ መዳፍ በአንድ ወገን ሲሄድ ይስማማዋል፣ ሲመለስ ይቧጭረዋል። ይህንን በእንቅልፍ ልባቸው ያውቁታል። ይሄ ጎማ ወዲያም ወዲህም ልስልስ ነው። እንደታጠበ ሳሙና። ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀን ከቀን የተበላ ጎማ። ሰባት ወር ሙሉ ልጅቷ ያለቻቸው ቃል በቃል እዚህ ላይ አለ።

እማማ ጠጠሩ ላይ ተንበርክከው ክንዳቸውን ወደ ውስጠኛው ወገን አስገቡ። እዚያ ያለው ጥርስ ሰፋፊ ነው፤ መሐሉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ የለውም ማለት ይቻላል። ቦዮቹ በሌላው ወገን ናቸው፤ እሳቸው ወደ ውጭ ባዞሩት ወገን፣ ከልሙጡ ጠርዝ ጋር። መኪናው ዘንበል ብሎ ክብደቱን የሚጥለው ደግሞ ውስጥ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው የት ይግባ? ጣታቸው እዚያው ጨለማው ውስጥ ከፍ ያሉትን ፊደሎች ነካ።

የግቢውን ጠባቂ ጠሩት። አፈር ስሆን ልጄ፣ እዚህ ምን እንደሚል አንብብልኝ አሉት። ጎልማሳው ጠባቂ በስልኩ መብራት እያበራ ከመኪናው ሥር ገባ።

"ማዘር፣ ይሄ ወገን ወደ ውጭ ይሁን ነው የሚለው" አላቸው ከሥር ሆኖ። "ገልብጠው ነዋ የገጠሙት።"

እማማ ወደ ቢሮው እንዴት እንደተመለሱ አያውቁትም። አግዳሚው ባዶ ነው፤ ልጅቷ ገብታለች። በሩን ሳያንኳኩ ከፈቱት። ሚጢጢ እጇን በማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አስራ ከመርማሪው ፊት ተቀምጣለች። እማማ ጃኬቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ተናገሩ። ትቢያው ውሸት እንዳልነገራቸው፣ እሳቸው ግን እንዳላዳመጡት። ጎማው በፍጥነት እንዳልተበላ። ያዞሩት እኛ ነን አሉ፤ የዚያን ዕለት የሰጠሁትን ቃል ይሰርዙልኝ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኛ ማለት ማን ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። እማማ እኔና ጎሚስታው አሉ። ሰውዬው አዲስ ወረቀት ሳበና፣ ከመጻፉ በፊት ግን እንዲያውቁት ብሎ በለስላሳ ድምፁ አስረዳቸው። ዘበኛው ከእንግዲህ ሳያነክስ አይሄድም። ባለቤቱ ሳያውቅ የሰው መኪና የነካካ፣ ይነካካ ብሎ ያዘዘም፣ በወንጀል ይጠየቃል። ሱቁ ይታሸጋል፤ ሁለታችሁም ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ፤ ዕድሜ ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ ከመከሰስ አያስቀርም።

"ይጻፉ" አሉ እማማ። "እኔ ምን ቀርቶኛል።"

ሚጢጢ ተነሥታ፣ ጎማውን አንዴ ላየው ብላ ፈቃድ ጠየቀችና ወጣች። እማማና መርማሪው ጠበቋት። ስትመለስ የሱሪዋ ጉልበት ላይ ጠጠር ተጣብቋል፤ የግራ እጇ ጣቶች ጠቁረዋል። አያቷን አላየቻቸውም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን በሱሪዋ ጠረገች።

"በፍጥነት ነበር የነዳሁት" አለች። "መታጠፊያው ላይ ሰባ ሳይሆን አይቀርም። እስከ ዛሬ የካድኩት ሥራዬን ላለማጣት ነው። ጎማውንም ያስገለበጥኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ትንሽ ይቆይልኛል ብዬ።"

"ውሸቷን ነው" አሉ እማማ።

"አያቴ እኔን ለማዳን የማትፈጥረው ነገር የለም። ሰፈሩን ይጠይቁ።"

መርማሪው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተ። ያመነውን ፊቱ ላይ ማወቅ አይቻልም። አዲሱን ወረቀት መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ወደ እማማ ዞሮ በርኅራኄ፣ "ገብቶኛል እናቴ" አላቸው። "እኔም አያት አለችኝ።"

እማማ ጠረጴዛውን ያዙ። ማሉ፣ ተገዘቱ፣ ክሪኮን ጥሩት አሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት። ሰውዬው በትሕትና አንገቱን እየነቀነቀ ሰማቸው፤ አንድም ነገር አልጻፈም። በሐሰት ሲናገሩ ቃል በቃል የጻፈ እጅ አሁን ፋይሉ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሚጢጢ በግራ እጇ፣ እንደ ሕፃን በተንጋደደ ጽሕፈት፣ ፈረመች።

ከአጥሩ ውጪ ፀሐዩ ከሯል። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ልጅቷ ፊት ፊት ሄደች፤ እማማ ከኋላ። ማቆሚያው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ለምን እንዲህ አደረግሽ ብለው የጠየቁት በስንት ጭንቀት ነው።

"ክሪኮ በዚህ ልቡ ታስሮ ልይ?" አለች መንገዱን እያየች። "አንቺ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆመሽ ዳኛ ሲቆጣሽ ልይ?"

"እኔ ልታሰር። ስለ እኔ ራስሽን ስጪ ማን አለሽ?"

"እሱን ነው እኮ የምልሽ። አንቺንስ ስለ እኔ ራስሽን ስጪ ማን አለሽ? ዛሬም አልጠየቅሽኝም። በር በርግደሽ ገባሽ።" ድምጿ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻላቸው ነበር። "ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠበቅሽኝ። አንድ ቀን እኔ ጠበቅኩሽ። ቀመስሽው?"

እማማ ጃኬቱን ሊያለብሷት ዘርግተው ነበር፤ አጥፈው ክንዳቸው ላይ ያዙት። ልጅቷም አልጠየቀቻቸውም፤ ከእንግዲህ አትፈልገውም።

አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ባዶ ወንበር ነበር፤ ሚጢጢ አልፋው ሄዳ በመስኮቱ በኩል ያለችውን አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ወንበር ያዘች። እማማ ከኋላዋ ተቀመጡ። ከፊታቸው የልጅቷ አንገት፣ የማንጠልጠያው ነጭ ቋጠሮ፣ በአንድ እጇ ልታስረው ሞክራ ያልተሳካላት ፀጉሯ ይታያቸዋል። ሹፌሩ ገና በሩ ሳይዘጋ ነዳው። ከወደታች መንገዱ ይታጠፋል፤ አውቶቡሱ ፍጥነቱን አልቀነሰም። የልጅቷ ደህናው እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ምንም አልያዘችም። ያዝ አድርጊ ልጄ የሚለው ቃል ከደረታቸው ተነሥቶ ምላሳቸው ላይ ደረሰ።

እማማ ጥርሳቸውን ገጥመው ዋጡት።